ሳትቀምሺ አፍዪ

ከዱባይ የመጣች ጓደኛዬ አንድ ጥቅል የኦሎንግ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ገና ስከፍተው የአበባ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ደሜ ፈላ። ጓደኛዬ ግራ ገባት። ስጦታ ተቀብሎ የሚናደድ ሰው የት አይታ ታውቃለች!

ያደግኩት ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ እናቴ ተቀጥራ በምትሠራበት ቪላ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እኔም እናቴም «ሲቲ» የምንላት የቤቱ እመቤት፣ ባሏ ከቻይና ያመጣላትን ይህንኑ ሻይ ቆልፋ ታስቀምጠው ነበር። ቅጠሉ እንደ አተር ፍሬ ተጠቅልሎ የደረቀ፣ አረንጓዴ ነው። አፈላሉንም ለእናቴ አስተማረቻት፦ ውሃው ሳይንተከተክ ይወርዳል፣ የመጀመሪያው ውሃ ቅጠሉን አጥቦ ይደፋል፣ ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ ይቀዳል። ስኳር የሚባል ነገር አይነካውም። ቅጠሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቀስ እያለ ሲዘረጋ፣ ወጥ ቤቱ አጥሩ ላይ ካለው ጃስሚን ይበልጥ ያውድ ነበር። እኔም ሽታውን እየማግኩ ጣዕሙን በሐሳቤ እገምታለሁ።

አንድ ዓርብ ሲቲ ጓደኞቿን ጋበዘች። እናቴ የወሎ ልጅ ናት። በአገሯ ለተከበረ እንግዳ ብርዝ ሲቀዳ አሳላፊው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር ቢኖርበት በእኔ ይጀምር ማለቱ ነው። ሳይቀምሱ ማቅረብ እንግዳን መናቅ ነው። እናቴም ሲኒዎቹን ከመሙላቷ በፊት ሻዩን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ፈገግ ብላ «ኢትፈደሉ፣ ጠጡ» አለቻቸው።

«መጅኑና! እብድ ነሽ እንዴ?» ሲቲ ጮኸች። «ባሌ ለእኔ ያመጣውን አንቺ ትልሺዋለሽ?»

«ሲቲ፣ ወላሂ ለክብራችሁ ነው፤ በእኛ አገር እኮ...»

እንግዶቹ ሳቁ። አንዷ አፍንጫዋን ያዘች። ሲቲ ማንቆርቆሪያውን ነጥቃ ሻዩን ከነቅጠሉ ደፋችው። እንግዶቹ ሲሄዱ ደግሞ እናቴን ጠርታ፣ «ወይ ልጅሽን ይዘሽ ያላ ውጪ፣ ወይ እዚህ ቤት ምንም ነገር እንደማትቀምሺ በአላህ ማይ» አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ አልነበረንም። ማለች።

እስቲ ፍረዱኝ! ሰው እንዴት ሳይቀምስ ያበስላል? ሻዩን በማሽተት፣ ወጡን በግምት ነበር የምትሠራው። ጨው ሲበዛ ትሰደባለች፣ ሲያንስም ትሰደባለች። በረመዳን እንኳ የምታበስል ሴት ጨዉን በምላሷ ጫፍ አይታ ብትተፋው ጾሟ አይፈርስም። አላህ የፈቀደውን ሲቲ ከለከለች! ክፍላችን ገብተን እኔ በንዴት ሳለቅስ፣ እናቴ «አብሽሪ ልጄ፣ መጠለያ አለን» ብላ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። ያ እርጋታዋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲቲ የሱዳን ጦርነት ሲነሣ አገር ለቃ ሄዳለች። እኛ አሁን እዚያው ካርቱም፣ ሐበሻ በሚበዛበት ዴም ሰፈር፣ በራሳችን ቤት ነን። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አፌን ይዤ አየሁ፤ ዛሬ ቤቱ የእኔ ነው፣ ከልካይ የለብንም እያልኩ እኩራራለሁ።

ጓደኛዬ ከሄደች በኋላ ሻዩን ለእናቴ ሰጠኋት። ምንም አልረሳችም፤ ውሃውን ሳይንተከተክ አወረደች፣ የመጀመሪያውን ደፋች፣ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ፊቴን ታጠና ጀመር።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እማ፣ አንቺው ቅመሺውና ንገሪኝ።»

ሲኒውን አነሣች። ወደ አፏ ከማድረሷ በፊት ግን ዞር ብላ ወደ በሩ አየች። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።