የአባቴ ግማሽ ፀጉር

ውሸታም ትሉኛላችሁ? በዓይኔ ያየሁትን! ዛሬም የፀጉር ማሽን ሲጮህ ስሰማ ማንያታ ሰፈር ገበያው ውስጥ ያለው ፀጉር ቤት ነው ድቅን የሚልብኝ። ልጅ ነበርኩ። አባቴ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል። አንድ ጠቆር ያለ ዕቃ ጫኝ ሲገባ ቆራጩ ማሽኑን አጠፋና፣ «ፖሌ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ተበላሽቷል» አለው። ማሽኑ ደግሞ ጠቆር ያለ ሰው ሲመጣ ሁሌ ይበላሻል!

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሊወጣ ሲል አባቴ ጨርቁን ገፎ ተነሳ።

«ለሱ ከተበላሸ ለኔም ተበላሽቷል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ለርስዎማ ይሠራል!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

ያኔ አልገባኝም። ብቻ አባቴ ግማሽ ራሱ ጫካ፣ ግማሹ በረሃ ሆኖ ከጫኙ ጋር ገበያውን መሀል ለመሀል ሲያቋርጥ አየሁት። እንደዚያ ያማረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የሳቀም ነበር፤ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ከኋላው ተከተልኩ። አላምንም ያለ፣ ያን ቀን ገበያ የነበረውን ማንንም ሄዶ ይጠይቅ!