ያዛወርኳት ግራር

በጃንሆይ ዘመን በአብነትና በመርካቶ ሻይ ቤቶች ግድግዳ ላይ የመልክዓ ምድር ሥዕል እየሳልኩ ነበር የምኖረው። ከኋላ ጋራ፣ በግራ ፏፏቴ፣ በቀኝ ትልቅ ዋርካ። ዋርካው ካነሰ ባለቤቶቹ “ይኼ ምኑ ሥዕል ነው?” ይሉኛል። ስለዚህ እጄ ዛፍ መሳል ለምዶ ነበር፤ ዓይኔ ባያይም ይስላል።

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ቦረና ውስጥ፣ ከያቤሎ ወዲያ፣ ወባ መንገድ ላይ ጣለውና እዚያው ከብት አርቢዎች አገር ተቀበረ። እናታችንን ከሞቱ እኩል ያንገበገባት ካህን ሳይፈታው ከቤተ ክርስቲያን ርቆ መቅረቱ ነው። አፅሙን አስመጥታ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ልታሳርፈው ቦታ ለምና አግኝታ ነበር። ግን ደግሞ ከተኛበት መቀስቀሱን ፈራች። ዓመት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ አንድ ቀን “ሂድና ያለበትን ስለህ አምጣልኝ። አይቼ ልወስን” አለችኝ።

ከጎጃም በረንዳ ስኳርና አቡጀዲ በጫነ ትሬንታ ኳትሮ መኪና ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የወንድሜ ባልንጀራ ነው፤ የቀበረውም እሱ ነው። ከዲላ ወዲያ አገሩ ሌላ ሆነብኝ። ቀይ አፈር፣ የሰው ቁመት ያለው ኩይሳ፣ ማለቂያ የሌለው ሜዳ። ነጫጭ ከብቶች መንገዱን ዘግተው ሲያልፉ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሌላ የማላውቅ የመርካቶ ልጅ፣ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ወንድሜ ይኼን ሁሉ እያየ ሲመላለስ ኖሮ አንድም ቀን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ይቆጨኛል።

መቃብሩ ገላጣ ሜዳ ላይ ነበር። የድንጋይ ክምር ነው፤ ጅብ እንዳይነካው ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። እሾሁን በየጊዜው የሚያድሱት አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ እንደሆኑ ሾፌሩ ነገረኝ። ለማያውቁት ሰው ነው እንግዲህ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ቀለሜን አወጣሁ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላዬ ሲያዩ ቆዩ። ስጨርስ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩና ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ አንዲት ግራር ሥር ቆመው ግንዷን በዱላቸው እየመቱ ጮኹ።

“ምን እያሉ ነው?” አልኩት ሾፌሩን።

“ዛፏ ያለችው እዚህ ነው፤ ልጁ ዓይኑን ያመዋል ወይ ነው የሚሉት።”

ሥዕሉን አየሁት። ግራሯን አምጥቼ፣ እንደ ዋርካ አስፍቼ፣ መቃብሩ ላይ አቁሜያታለሁ። ሳቅኩ። “ሥዕል ካልተመጣጠነ አያምርም ብለህ ንገራቸው” አልኩት። ይንገራቸው አይንገራቸው አላውቅም፤ ሽማግሌው ሲመለሱ ግን አልሳቁም።

ቤት ስገባ እናቴ ሥዕሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ዛፏን በጣቷ ነካች።

“ጥላ አለው ለካ” አለች። “እኔ እኮ ፀሐይ ላይ ነው እያልኩ ነው የምቃጠለው። ጥላ ካለው ምን አንገላታዋለሁ? ይረፍ ልጄ።”

አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ግን ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ያላየሁት ፊት ሆኖ ነበር፤ ግራሯ ሩቅ ናት ሳልላት ቀረሁ። ግራሯን ያዛወርኳት ለእናቴ አዝኜ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሥዕሌ እንዲያምር ብዬ ነው። ወንድሜን ለቁንጅና ስል ፀሐይ ላይ ተውኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ለእሱ ብላ በለመነችው ቦታ እሷን ቀበርናት። ራስጌዋ ትልቅ ጽድ አለ፤ ጥላው እስከ ቅጥሩ ይደርሳል። በበጋ ላያት በሄድኩ ቁጥር ከጥላው ወጥቼ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ።