ጣሪያ ቃል የተገባለት ሜዳ

ኮሌጅ የገባሁት መምህርት ልሆን እንጂ ኳስ ልጫወት አልነበረም። የትውልድ ከተማዬ ደካ ሳለሁ የማውቀው ኳስ ወንዶቹ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ በእግራቸው የሚያንከባልሉትን ብቻ ነው። ቁመቴ ግን በሄድኩበት ሁሉ ይቀድመኛል። ዘመዶቼ «ይቺን ማን ያገባታል?» እያሉ የሚስቁበት፣ እኔም ጎንበስ ብዬ በመሄድ ልደብቀው የምሞክረው ቁመት ነበር። በምዝገባ ሰሞን ቦንጋ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ተሰልፈን ቆመን ሳለ፣ ራሰ በራና ደልደል ያሉ ሰውዬ በሰልፉ ጎን ሲያልፉ እኔ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ቀና በይ እስቲ» አሉኝ።

ቀና አልኩ። ከእሳቸው በለጥኩ።

«እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ።»

ዘረጋሁ። ልብስ ሊሰፉልኝ የሚለኩኝ ነበር የመሰለኝ።

«ነገ ከክፍል በኋላ ሜዳ ነይ» ብለውኝ ሄዱ። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ጀርባዬን ነካ አድርጋ «ኮች ናቸው፤ ከያዙ አይለቁም» አለችኝ።

ኮች ዋጫ አካባቢ የተወለዱ የስፖርት መምህር ነበሩ። ቅርጫት ኳስን ያወቁት ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነው። እሳቸው እንደነገሩን፣ አጭር ናቸው ተብለው ቡድን ውስጥ አልተመረጡም፤ ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ከረሙ። ወደ ቦንጋ ተመድበው ሲመጡ ግቢው ጥግ ላይ ሁለት የዛጉ ምሰሶዎች የቆሙበት የሲሚንቶ ሜዳ አገኙ። ሠራተኞቹ በምሰሶዎቹ መካከል ገመድ ወጥረው ልብስ ያሰጡበት ነበር። ገመዱን አስፈቱ፣ ቀለበቱን ብየዳ ቤት ወስደው አስቃኑ፣ የሴቶች ቡድን አቋቋሙ። ለምን ሴቶች እንደሆነ አንድ ቀን ስንጠይቃቸው «ወንዶቹ የሚሮጡበት ሞልቷል» አሉን።

የቦንጋ ዝናብ ወቅት አይጠይቅም። ፀሐይ ወጣች ብለን ጫማችንን ስናስር ደመናው ከጫካው ላይ ተንሸራቶ ይመጣል። ልምምዳችን የሚጀምረው በመጥረጊያ ነበር። ሜዳው ወደ አንድ ጥግ ያዘነበለ ስለሆነ ውሃውን ሁላችንም ወደዚያ እንገፋለን፤ ከዚያ የቀረውን በጆንያ እናደርቃለን። ኮች ለማዘንበሉም መልስ ነበራቸው። «ሽቅብ መሮጥ የለመደ ደልዳላ ላይ ይበራል» ይሉናል። ጮኸው አያውቁም። አማርኛቸው ዝግ ያለ፣ ቃል እየተመረጠ የሚነገር ነበር። ሲናደዱ ወደ ካፊኖኖ ይዞራሉ፤ ያኔ ቋንቋውን የማይሰሙት ልጆች ሳይቀሩ ፈጥነው ቦታቸውን ይይዛሉ።

እኔን ከቅርጫቱ ሥር አቆሙኝ። ኳሷን ወደ እኔ የምታመጣው ደግሞ የባለሱቁ ልጅ ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጅቷ አጭር፣ ቀጭን፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ስታወራ ዓይኗን መሬት ላይ የምትተክል ነበረች። ኳስ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሳታየኝ ታቀብለኛለች፤ እጄን ስዘረጋ ኳሷ እዚያ ትገኛለች። አባቷ መጫወቷን ሲሰሙ ከለከሏት። ኮች እኔን አስከትለው ሱቃቸው ድረስ ሄዱ። ሰውዬው ወንበር ሰጡን፣ ለስላሳ ከፈቱልን፣ ከዚያ በትሕትና «አይሆንም፣ መምህር» አሉ።

«ምኑ ነው ያልተመችዎት ሐጂ?»

«ሴት ልጅ በቁምጣ፣ ሰው ፊት።»

«በሱሪ ትጫወታለች። ሻሿንም አትፈታም።»

«እርስዎ ይህን ይላሉ። ውድድር ላይ ፍቺ ቢሏትስ?»

«ፍቺ ካሏት ቡድኑ በሙሉ ይወጣል» አሉ ኮች። «እኔ ነኝ ይዣት የምወጣው።»

ሰውዬው እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይቺም ትጫወታለች?» አሉ። ኮች «ያለ እርስዎ ልጅ ይቺ ዛፍ ናት» ሲሏቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እምቢ ማለት አልቻሉም።

መጀመሪያ የሄድንበት የኮሌጆች ውድድር ላይ የደረሰብን ሽንፈት እንዲህ ነው ተብሎ አይወራም። አዳራሽ ውስጥ ተጫውተን አናውቅም ነበር፤ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ድምፃችን ተመልሶ ይመጣብናል፣ ተመልካቹ በማሊያችን ይስቃል። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁላችንም አቀርቅረናል። ኮች ከፊት መቀመጫ ዞረው «በኳስ አልተሸነፋችሁም። ፈርታችሁ ነው። ፍርሃት ደግሞ ይለቃል» አሉን። በሚቀጥለው ዓመት ለደረጃ ደረስን። ልመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ዋንጫው የእኛ ሆነ።

በዚያ ውድድር የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ዳኛው የባለሱቁን ልጅ አስቁሞ ሻሿን እንድታወልቅ ነገራት። ኮች ወደ ሜዳው ገብተው ኳሷን አነሱና ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። እኛም ተከተልናቸው። የውድድሩ ኃላፊዎች ከኋላችን ሮጠው ደረሱብን፤ ተነጋገሩ፣ ልጅቷ ሻሿን እንዳሰረች ተጫወተች። የፍጻሜው ቀን ማሸነፊያ የሆነችውን ኳስ ያቀበለችኝ እሷ ናት። እኔ የሠራሁት ዘልዬ ማስገባት ብቻ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ኮች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ፤ ሄደን እስክናነሳቸው ድረስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

ቦንጋ ስንገባ ባጃጆቹ ከከተማዋ መግቢያ ጀምሮ ጥሩምባ እየነፉ አጀቡን። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው መንገድ ላይ ቆመው ነበር። በአቀባበሉ ላይ አንድ ባለሥልጣን ማይክሮፎን ይዘው «እነዚህ ልጆች ከእንግዲህ በዝናብ አይጫወቱም! ጣሪያ ያለው ዘመናዊ ጂምናዚየም እንሠራላቸዋለን!» አሉ። ኮች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው አጨበጨቡ። እንደዚያ ሲያጨበጭቡ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የሚገርመው፣ ቃሉ ባዶ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁፋሮ የሚሠራ ማሽን መጣ። ጂምናዚየሙ የሚሠራው እዚያው ሜዳው ላይ ነው ተባለ፤ ሌላ ደልዳላ ቦታ የለም። ኮች ምሰሶዎቹን ራሳቸው አስነቀሉ። ማሽኑ ሲሚንቶውን ሲሰብር ቆመን እያየን ሳለ አንዷ ልጅ አለቀሰች። ኮች «ምን ያስለቅስሻል? ቤት ሲታደስ አሮጌው ይፈርሳል» ብለው ተቆጧት፤ ለሾፌሩም ሻይ አስመጡለት።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ለምሰሶ የሚሆን ብረት ቆመ፤ ከዚያ ሥራው ቆመ። መጀመሪያ ብረት ተወደደ ተባለ። ቀጥሎ ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። በመሐሉ ክልሉ ተከፍሎ እኛ አዲስ ክልል ሆንን፤ ጉዳዩ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ኮች ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሷትን ኮት ለብሰው ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። ሲመለሱ «ምን አሉ?» እንላቸዋለን። «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሉናል። በኋላ በኋላ መጠየቁን ተውን። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ እንቁራሪት ገባበት። የምንወዳደርባቸው ኮሌጆችም አብዛኞቹ በወዲያኛው ክልል ቀሩ፤ የኮሌጆቹ ውድድር በዚያው ጠፋ። ዋንጫችን የኮሌጁ ዲን ቢሮ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ልንከላከለው የምንችልበት ሜዳም ሆነ የሚሻማን ተጋጣሚ አልነበረንም።

ኮች ግን ልምምድ አላቆሙም። ከግቢው ጀርባ ከብት የሚግጥበት መስክ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ግንድ አስተክለው ቀለበቱን ሰቀሉበት። ጭቃ ላይ ኳስ አይነጥርም። ስለዚህ ማቀበልና መዝለል ብቻ እንለማመዳለን። «እስኪያልቅ እጃችሁ አይርሳ» ይሉናል። እስኪያልቅ የሚሉት ጂምናዚየሙን ነው። ያኔም ያምኑ ነበር፤ ወይም እኛ ፊት እንዲያምኑ ይገደዱ ነበር፣ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የባለሱቁ ልጅ ዘልላ ስትወርድ አንድ እግሯ ከብት በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጉልበቷ ሲወልቅ ድምፁ እኔ ከቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። አፏን ከፍታ ሣሩን ጨብጣ ቀረች። ኮች አዝለዋት እስከ አስፋልቱ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጭቃ ሁለቴ ወድቀው ተነሱ፤ ልውሰድልዎት ብላቸው አልሰሙኝም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ከዚያ ወደ ጅማ ላኳት፤ ከጅማ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ትሂድ ተባለ። አባቷ ወሰዷት። ቆይታ ስትመለስ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ በምርኩዝ ነበር።

የአደጋው ዕለት ሐጂ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲደርሱ ኮች ተነስተው ግድግዳውን ተደገፉ። የሚሰደቡ መስሏቸው ነበር። ሐጂ ግን እጃቸውን ኮች ትከሻ ላይ አድርገው «የአላህ ውሳኔ ነው መምህር። እርስዎ ልጄን አክብረዋታል» አሏቸው። ኮች በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቢሰድቧቸው ኖሮ ምናልባት ይቀላቸው ነበር።

በማግስቱ መስኩ ላይ ጠበቅናቸው። አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፤ ስለ አካል ብቃት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ አስገልብጠው ይወጣሉ። መንገድ ላይ ስናገኛቸው ሰላም ይሉናል፤ ቤተሰብ ይጠይቃሉ። ስለ ኳስ ከተነሳ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቡድኑ እንዲህ ነው ያለቀው፤ ፈረሰ ብሎ የነገረን ማንም የለም። ጥቂት ቆይተው ጡረታቸውን ሳይጠብቁ ሥራቸውን ለቀው ዋጫ ወደ አባታቸው የቡና መሬት ተመለሱ። እኔ ተመርቄ ደካ ተመደብኩ። የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ፈተና ሲደርስ ክፍለ ጊዜዬን ለሒሳብ ይወስዱታል።

ባለፈው ዓመት ኮሌጁ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲል ከቢሮው ደወሉልኝ። ኮችን ሊሸልሟቸው እንደሆነ፣ እሳቸው ግን ስልክ እንደማያነሱ ነገሩኝ። «አንቺን እምቢ አይሉም» አሉኝ። ዋጫ ሄድኩ። ከስተዋል፤ ያ ደልዳላ ሰውነት የለም። ባለቤታቸው ቆጮ አቀረቡልን። ኮች የመጣሁበትን ሰምተው ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ባለቤታቸው በካፊኖኖ አንድ ነገር ሲሏቸው ኮች ኮታቸውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።

በዓሉ ላይ ዲኑ ስለ ቡድናችን ተናገሩ። «የኮሌጃችን እጅግ ውጤታማ ፕሮግራም» አሉት። ካባ አለበሷቸው፤ ካባው ረዝሞባቸው መሬት ይጎትት ነበር። ጥቂት ቃል እንዲናገሩ ማይክሮፎኑን ሰጧቸው። ኮች ከድንኳኑ በስተጀርባ ወዳለው የጂምናዚየሙ የዛገ ብረት አዩ።

«ጉድጓዱን ድፈኑት» አሉ። «ልጅ ይገባበታል።»

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አጨበጨበም። እሳቸው ማይክሮፎኑን መልሰው ተቀመጡ።

ከምሳ በፊት እንሂድ አሉኝ። ባጃጅ ስንገባ ሾፌሩ በገበያው በኩል ሊወጣ ሲል «በታች በኩል ሂድ» አሉት። ያ መንገድ ይርቃል። የሐጂ ሱቅ በገበያው በኩል እንደሆነ አውቃለሁ።

«ኮች፣ ለአፍታ ሰላም ብንላትስ? እሷም ደስ ይላታል።»

«በታች በኩል ይሂድ» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። «አሁንም ትጫወቻለሽ?» አሉኝ። ስለ ኳስ ያነሱት በራሳቸው ነው። ደካ ቅርጫት የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። «ይሻላል» አሉኝ። ሌላ ነገር የሚጨምሩ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ መኪናው ሞልቶ ተነሳ።

ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሐጂ ካረፉ ወዲህ የምትይዘው እሷ ናት። ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። ተሳሳምን።

«መጥተው ነበር አሉ» አለችኝ።

«መጥተው ነበር።»

«ደህና ናቸው?»

«ከስተዋል።»

በሩ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ወጥተው፣ አንደኛው ላይ የተወለወለ ፔርሙስ ተቀምጧል። ሳየው አየችኝ። «በዚህ ያልፋሉ ብዬ ከጠዋት ነው ያወጣሁት» አለች። «እንዳላዩኝ አያልፉም ብዬ።»

«መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ነው» አልኳት።

መንገዱን አየችው። «ልክ ነው፤ ዋጫ ሩቅ ነው» አለች።

ሳሙና የምትፈልግ ሴትዮ ገባች። የባለሱቁ ልጅ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የማይታጠፈውን እግሯን ወደ ጎን እያደረገች ተነሳች። እኔ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ አስገባሁላትና ወደ ደካ የሚሄድ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ወረድኩ።