ሁለት የጳጉሜ ልጆች

ዘርፈሽዋልን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ የሾማት የሞተ ሰው ነው። ሳቁ፣ ግን እውነት ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሮም ውስጥ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ፣ ሲኞራ ብሩና የሚባሉ ባልቴት ስታስታምም ኖራለች። ሴትዮዋ በቀን አሥራ አራት እንክብል ይውጡ ነበር፤ የጠዋቱ ከማታው አንድ ቀን እንኳ ተቀላቅሎ አያውቅም። አልውጥም ብለው ጥርሳቸውን ሲገጥሙ ዘርፈሽዋል ብርጭቆውን ይዛ፣ "ቫ ቤኔ ሲኞራ፣ እኔ እስከ ነገ መቆም እችላለሁ" ትላለች፤ ትቆማለችም። ሴትዮዋ ሲሞቱ ኑዛዜያቸው ተከፈተ። ቤቴ ለኢትዮጵያ ሕፃናት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚያደርስ ማኅበር ይሁን፤ የምትመራውም የእኔን መድኃኒት በሰዓቱ ስትሰጠኝ የኖረችው ናት፣ ይላል። ኑዛዜውን ያነበቡት ውል አዋዋዩ ኖታዮ አንቶኒዮ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበርና፣ እቤት ቁጭ ብዬ ከሚስቴ ጋር ከምፋጠጥ ብለው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አንቶኒዮ ክፉ ሰው አይደሉም። ቲምብሮ ያላረፈበትን ነገር ግን አለ ብለው አያምኑም። ዕድሜ ልካቸውን ማኅተም ሲመቱ ኖረው፣ ዝናብ እንኳ ያለ ፊርማ ሲዘንብ ቅር ይላቸዋል።

መጀመሪያ ወሎ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሃያ ሕፃናት ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጤና ጣቢያ፣ ሰማንያ ሦስት ሕፃናት ሆኑ። ዘርፈሽዋል ይህን ሁሉ የምትመራው ከሲኞራ ብሩና ቤት የልብስ መተኮሻ ክፍል ነው፤ የካውያው ጠረጴዛ ቢሮዋ ነው። ዘዴዋም ያው የሲኞራ ብሩና ዘዴ ነው። "ወሰደ" ተብሎ በወረቀት ሲጻፍ አታምንም። ትደውላለች። ጤና ጣቢያዎቹን የምታስተባብረው ነርስ ሲስተር ጽጌረዳ ስልኩን ሕፃኑ ጆሮ ላይ ትደግናለች።

"ዋጥክ?"

"ዋጥኩ።"

"እስቲ አፍህን ክፈት።"

ልጁም ወሎ ላይ ሆኖ ለሮም አፉን ይከፍታል። በስልክ ጉሮሮ የምትመረምር ሥራ አስኪያጅ ከእሷ በቀር አልሰማንም። ግን መድኃኒት ያቋረጠ ልጅ በእሷ መዝገብ አንድም አልነበረም፤ እስቲ ከሳቅ በኋላ ይህን ሐኪሞቹ ይመልሱ!

ጣጣው የመጣው ኮምፒውተር ሲመጣ ነው። የአንቶኒዮ የወንድም ልጅ ኤማኑኤሌ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ሥራው ሰፍቷልና በመዝገብ አይሆንም ብሎ አንድ ዘመናዊ ነገር ሠራላቸው። ኮምፒውተሩ የልጆቹን ዕድሜ ያሰላል፣ የሚላከውን መድኃኒት ያዝዛል፣ አሥራ አምስት ዓመት የሚሞላውን ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ከሕፃናት ዝርዝር አውጥቶ የደስታ ደብዳቤ ያትምለታል። የልደት ቀናቱን እንድታስገባ ዘርፈሽዋል ታዘዘች። ሲስተር ጽጌረዳ የላከችውን ዝርዝር ይዛ በሁለት ጣቷ ሦስት ቀን ስትወቅጥ ከረመች። 1995 የሚል ካገኘች 1995፣ 1993 የሚል ካገኘች 1993። የሀገር ልጅ የተወለደው በሀገር ቀን ነው፤ ሌላ ምን ይጻፋል? ይህን ስሕተት ፈረንጅ ልሥራህ ብሎ ቢነሣም አይሆንለትም፤ የእኛው ብቻ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ እምቢ አለ። ፍቅር ግዛቸው የምትባል የአራት ዓመት ልጅ የተወለደችው ጳጉሜ 2 ቀን ነው። ወር ብሎ ሲጠይቃት ዘርፈሽዋል 13 ብላ ጻፈች። ቀላ። ደገመች። ቀላ። "ቆይ አንተን!" ብላ ቦታውን ባዶ ትታ አለፈች።

ጃንዋሪ 2010 ገባ። ያ ወር ለዘርፈሽዋል የሠርግ ወር ነበር። በወረቀቷ ስድሳ አምስት ሞልቷት የጡረታ ደብዳቤዋ መጥቷል፤ ፎርሙን የሞሉላት ራሳቸው አንቶኒዮ ናቸው። ደብዳቤውን ከካውያው በላይ ለጠፈችው። ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታለች፤ አሁን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ልተኛ ነው ብላ ምሥራቹን ያልነገረችው የተርሚኒ ጣቢያ ባቡር ብቻ ነው። ጉልበቷም አልቋል። ደረጃ ስትወጣ ቅዱሳኑን በተራ ትጠራለች።

ሲስተር ጽጌረዳ ደወለች።

"እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ምን ጉድ ነው የላካችሁብን?"

"ምን ላክን?"

"ሠላሳ አንድ ደብዳቤ መጣ። አስተርጉመን አነበብነው። የሰባት ዓመቱን ልጅ፣ እንኳን ለአዋቂነት አደረሰዎ፣ ከእንግዲህ ሐኪምዎን ራስዎ ይምረጡ፣ ሥራም ይፈልጉ ይላል። ልጁ እኮ ጥርሱን ገና እየቀየረ ነው! የሚቀጥለው ወር መድኃኒት ዝርዝር ላይም ሠላሳ አንዱ የሉም። ፍቅርም የለችም።"

ዘርፈሽዋል ኮምፒውተሩን ከፈተች። እውነት ነው። ሠላሳ አንዱ አድገው ጨርሰዋል፤ አንዷ ገና አልተወለደችም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያችን ልጅ ግን ጭራሽ መስከረም ላይ እንዳትደርስ አድርገዋታል።

"ስንት ጊዜ ይበቃችኋል ያለው?" አለች።

"አምስት ሳምንት። ከዚያ ካቋረጡ፣ እርስዎ ያውቁታል፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ፍቅር በተለይ አቅም የላትም።"

ስሕተቱ የእጇ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ አንቶኒዮ ዘንድ ገባች። ኤማኑኤሌም ነበረ። አስረዳቻቸው። አንቶኒዮ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንድ አገር እንዴት ሰባት ዓመት ሙሉ ይዘገያል?"

"አልዘገየም ዶቶሬ። አቆጣጠራችን ነው።"

"መንግሥት ይህን ያውቃል?"

"የሚቆጥረው እኮ መንግሥት ነው!"

ተርሚኒ አጠገብ ካለው የሐበሻ ሱቅ የገዛችውን የግድግዳ ካላንደር ዘረጋችላቸው። አንቶኒዮ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ አዩት፤ ወራቱን ቆጠሩ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይኼ አምስት ቀን ብቻ ነው። በዚህ ወር ደመወዝ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ወር አይደለም" አሉ በሐዘን። "ሲኞራ ዘርፈሽዋል፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ሠላሳ አንድ አዋቂ ሰው በፈረስ ሥዕል ወደ ሕፃንነት አልመልስም። አንድ ሰነድ ያምጡልኝ። አንድ ልደት፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ፣ ጣሊያንኛ ያለው፣ ቲምብሮ ያረፈበት። ያን ቀን እፈርማለሁ።"

"አጎቴ ከፈረመ እኔ በአሥር ደቂቃ አስተካክለዋለሁ ዘርፋ" አለ ኤማኑኤሌ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ሲስተር ጽጌረዳ ፈልጋ አጣች፤ በጤና ጣቢያዎቹ ያለው ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ነው። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ዘርፈሽዋል እንቅልፍ አጣች፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰነድ በዓለም ላይ አንድ እንዳለ ታውቃለች። ዳዊቷ ውስጥ ነው ያለው።

እሷ ደሴ የተወለደችው በጣሊያን መነኮሳት ክሊኒክ ነበር። መነኮሳቱ የልደት ካርድ ጽፈውላታል፦ ዘርፈሽዋል ሃብተማርያም፣ ጳጉሜ 4 ቀን 1945፤ ከሥሩ በጣሊያንኛ፣ 9 ሴፕቴምበር 1953፤ ከጎኑ ድፍን ክብ ቲምብሮ። ሮም ስትገባ ካርዱ እናቷ ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ነበር። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስታወጣ መቼ ተወለድሽ አሏት፤ 1945 አለች። ወሩስ ሲሏት አሥራ ሦስተኛው ብትል ሳቁባት፤ እንደፈለጋችሁ አለች፤ ጃንዋሪ አንድ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እናቷ አርፈው ካርዱ በሰው እጅ ሲደርሳት ሁሉ ነገር በዚያ ቀን ተጽፎ አልቋል። ስለዚህ ያ ካርድ ከዳዊቱ ከወጣ ዘርፈሽዋል ስድሳ አምስት አይደለችም። ሃምሳ ስድስት ናት። ጡረታዋ ይቀራል።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ቡና ቤት ውስጥ የድሮ ወዳጇን ጋሽ ኣንደብርሃንን አማከረቻቸው።

"አበድሽ እንዴ?" አሉ። "ሮም ያለ ሐበሻ ሁሉ በወረቀት አርጅቷል። እኔ ራሴ በወረቀቴ ከሞትኩ ቆይቻለሁ መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ሌላ መላ ይገኛል።"

"በሦስት ሳምንት ውስጥ?"

ሽማግሌው ማኪያቶአቸውን አማሰሉ፤ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም አማሰሉ።

በማግሥቱ ካርዱን ይዛ አንቶኒዮ ፊት ቀረበች። ስሟን በአውራ ጣቷ ሸፍናዋለች። እስኪ አስቡት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት በአውራ ጣት ስትደበቅ!

አንቶኒዮ ቲምብሮውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ቤሊሲሞ! ክብ፣ ጥርት ያለ! ሁለቱም ቀን አለ! ስሙስ?"

"ስሙ ያስፈልጋል?"

"ሲኞራ፣ ስም የሌለው ሰነድ ናፕኪን ነው። ጣትዎን ያንሡ።"

አላነሣችም። ብርጭቆ ይዛ ሲኞራ ብሩና ፊት የቆመችባቸው ቀናት ትዝ አሏት፤ ያኔ እስከ ነገ መቆም ትችል ነበር። እነዚያ ልጆች ግን አይችሉም። ጣቷን አነሣች።

አንቶኒዮ አነበቡ። ደግመው አነበቡ። በጣታቸው ቆጠሩ። "ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ከስምንት ቀን" አሉ ቀስ ብለው። "የጡረታ ፎርምዎን እኮ እኔ ነኝ የፈረምኩት። ይህን ካየሁ በኋላ... ማሳወቅ አለብኝ።"

"አውቃለሁ ዶቶሬ። መጀመሪያ የልጆቹን ይፈርሙ።"

ፈረሙ። ቲምብሮውንም ሁለት ጊዜ መቱት። ኤማኑኤሌ በአሥር ደቂቃ ሠላሳ አንዱን አዋቂ ሕፃን አደረጋቸው፤ ፍቅርም በሴፕቴምበር 7፣ 2005 በይፋ ተወለደች። አንቶኒዮ ተነሥተው ወጉን እንዴት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸውና ዘርፈሽዋልን ጨብጠው፣ "እንኳን... ወጣት ሆኑ" አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አዲሱ መድኃኒት የቀድሞው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። የጡረታ መሥሪያ ቤቱም ሌላ ደብዳቤ ላከ፤ ዕድሜዎ አልደረሰም፣ በሴፕቴምበር 2018 ያመልክቱ ይላል። ዘርፈሽዋል የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንሥታ ይህን በቦታው ለጠፈችው። ተናደደች፤ ካውያውንም ሰደበችው። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

"ፍቅርን ስጪኝ" አለቻት ሲስተር ጽጌረዳን።

ትንሽ ትንፋሽ ተሰማ።

"ፍቅር፣ የኔ እመቤት፣ እኔም እንዳንቺ የጳጉሜ ልጅ ነኝ። ስሚኝ። የእኔ ጡረታ የሚደርሰው አንቺ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላሽ ነው። እስከዚያ እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ትውጫለሽ። እሺ?"

"ይመራል" አለች ልጅቷ።

"አውቃለሁ። ዋጪው።"

ዘርፈሽዋል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደግና፣ ጉልበቷን በሌላ እጇ ይዛ፣ ቆማ ጠበቀች።

"ዋጥኩ።"

"እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"