የጽድ አምባ ቦይና የሐሙስ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከሚገኘው ቤቴ ደጃፍ የውሃ ቧንቧ የሚዘረጉ ልጆች መጥተው ባለ ሦስት እግሩን የቅየሳ መነጽር አቆሙ። መሣሪያውን የያዘችው ወጣት መሐንዲስ ቆሜ ማየቴን አስተውላ፣ «አባባ፣ ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መንገዱም፣ ባጃጁም፣ ጎረቤቴም እንደ ወትሯቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሳልወድ ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ፣ በእኛ ጊዜ መነጽሩ ሰውን ዘቅዝቆ ያሳይ እንደ ነበር ነገርኋት። ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የእኔ ልብ ግን ቀኑን ሙሉ ወገራ አገር ዋለ።

ጊዜው የጃንሆይ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም የጎንደር ፒያሳ ቤቶች ቀለማቸው ገና አልለቀቀም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ቅየሳ ተምሬ፣ ምስክር ወረቀቴን በቦርሳ ይዤ ጎንደር ተመደብሁ። አንድ ክፍል ተከራይቼ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ ቢሮ እገባለሁ። አለቃዬ አቶ ደስታ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን አስጠርተው እንዲህ አሉኝ፦

«ወገራ ውስጥ ጽድ አምባ የሚባል አገር አለ። ግራዝማች አየነው የሚባሉ ባላባት፣ ‹ወንዛችን በከንቱ ይፈሳል፤ የመስኖ ቦይ ይቀየስልን› ብለው ጽፈዋል። ሄደህ አጥና። ፕላኑን ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ እልካለሁ ብያለሁና አታሳፍረኝ።»

የመጀመሪያ ሥራዬ ነበረችና ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ዐቢይ ጾም እንደ ገባ በጨው ጭነት ላይ ተቀምጬ በጭነት ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ደረስሁ። የወገራ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያንኑ አጥንት ያሞቀዋል። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። የተቀበሉኝ አያ ተገኘ የሚባሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ፤ ግራዝማች መሪም አስተናጋጅም እንዲሆኑኝ አዝዘዋቸው ነው። መነጽሬን በቅሎዋ ላይ ጭነው ሦስት ሰዓት ያህል ስንሄድ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። እኔ ዝምታውን ከአክብሮት ቆጠርሁት። ለካ ፍራቻ ነው። አገሩ ሁሉ፣ መንግሥት ርስታችንን ለክቶ ግብር ሊጨምርብን ነው ብሎ አምቷል። በማግስቱ መነጽሩን ሳቆም ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ዱላቸውን ተመርኩዘው ከበቡኝ።

«አያ ተገኘ፣ እስቲ እርስዎ ይዩበት» አልሁ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

አያ ተገኘ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ረጅም ጊዜ አዩ። ከማዶ ግራዝማች በበቅሏቸው ሆነው ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብለው ማዶውን በባዶ ዓይናቸው አዩ፤ እንደገና በመነጽሩ አዩ።

«ምን አዩ?» አለ አንዱ።

«ግራዝማችን አየኋቸው። በቅሎዋ ናት እሳቸውን የምትጋልባቸው።»

ሰዉ እየተሻማ አየ፤ ያየ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። «ግድ የላችሁም» አሉ አያ ተገኘ፣ «በቅሎ ግራዝማችን ትጋልባለች የሚል መነጽር መሬት ለክቻለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ይሥራ።» ግራዝማች ደርሰው ምን እንደሚያስቅ ሲጠይቁ የሚነግራቸው አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገደል ለገደል ስዞር ከረምሁ። ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ፣ በተራራው ወገብ ዞሮ፣ የጽድ አምባን ማሳ ሁሉ እንዲያጠጣ አድርጌ ቦዩን ነደፍሁ። ማታ በኩራዝ ሳይሆን በጠራ የከሰዓት ብርሃን፣ በአያ ተገኘ ደጅ ተቀምጬ በጥቁር ቀለም አሰመርሁት። እንደዚያ ያማረ ካርታ ከዚያ ወዲህም የሠራሁ አይመስለኝም። ወጣት ሰው የእጁን ሥራ ሲወድ ፍቅሩ ዕውር ነው። ግራዝማች አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ልመለስ በተዘጋጀሁበት ቀን አያ ተገኘ ካርታውን አገላብጠው አዩና፣ «ወንዙ ከዚህ ወዲያ የት ይሄዳል?» አሉኝ፤ በጣታቸው የወረቀቱን ጠርዝ ነክተው።

«ወደ ታች ነዋ።»

«ታችስ ማን አለ?»

«ወረቀቱ እዚያ ላይ አለቀ» አልሁ።

«ወረቀቱ ቢያልቅ ውሃው ያለቀ መሰለህ? ምነው ልጄ። በል ተነሥ፤ እኅቴ ቤት ልውሰድህ።»

ቁልቁለቱን ወረድን። ታች በር የምትባል መንደር በወንዙ ዳርና ዳር ተቀምጣለች። የላዩ አገር በበጋ ደርቆ ገለባ ሲመስል፣ እዚያ ግን ነጭ ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ውሃውን ከጥንት ጀምረው በየተራ የሚያጠጡ ናቸው፤ ተራውን የሚጠብቅላቸው የመረጡት ሽማግሌ አለ፤ የውሃ አባት ይሉታል። ይህን ሁሉ ሁለት ሳምንት ከራሳቸው ላይ ቆሜ አላየሁትም።

የአያ ተገኘ እኅት ወይዘሮ እንኳዬ ይባላሉ። ባላቸው ሞቶ ማሳውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ፣ ቁመተ ረጅም፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት። የጾሙ መብያ ሰዓት ሲደርስ መሶቡ ቀረበ፤ ወይዘሮ እንኳዬም ራሳቸው ሊያስታጥቡኝ ማሰሮ ይዘው መጡ። እጄን ዘረጋሁ። ሦስት ጠብታ ያህል አፍስሰው አቆሙ። ጠበቅሁ፤ ምንም የለም።

«እመቤቴ፣ አልታጠብሁም እኮ» አልሁ።

«አዬ ልጄ፣ ቦይህ ሲመጣ የሚደርሰን ይችው አይደለች? ከአሁኑ እንልመድ ብዬ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን እንደ እሳት ነደደ። ወዲያው በደንብ አስታጠቡኝ፤ በገብስ እንጀራ ስልጆና የባቄላ ክክ፣ ከጎኑ ከማሳ የተቀነጠሰ የነጭ ሽንኩርት ቅጠል አቀረቡልኝ። ጠላው መልካም ነበር፤ እህሉን ግን ቆርሼ ተውሁት። ይህን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቦዩን አልጠላነውም» አሉኝ። «የላዩም ሰው ወገናችን ነው፤ ይጠጣ። ጠቅልሎ አይውሰድብን ነው የምንለው።»

በማግስቱ ወንዙ ዳር ሁለት ችካል ተክዬ፣ ጭራሮ በውሃው ላይ እየለቀቅሁ፣ ከአንዱ ችካል ሌላው እስኪደርስ በሰዓቴ እየቆጠርሁ የውሃውን ፍጥነት ለካሁ። የበጋው ውሃ ለሁለቱም አገር ይበቃል፤ የሚበቃው ግን በተራ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ለግራዝማች ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ታች በር አልጻፈም» አሉኝ። «ለአለቃህ እጽፋለሁ።»

ያን ያማረ ካርታ ጠቅልዬ ጎንደር ገባሁ። ከሥራ እንደምባረር አልተጠራጠርሁም። አቶ ደስታ ነገሩን እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ደብዳቤ አወጡ፤ የግራዝማች ደብዳቤ በፈጣን በቅሎ ቀድሞኛል። «ቀያሹ በአንዲት ሴት ግብዣ ተታልሏል ይላሉ» አሉ። «እውነት ነው?»

«መጋበዙስ ተጋብዣለሁ።»

ከንፈራቸው ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። «አዲስ አበባ የሚጠብቀው ፕላን እንጂ ጠብ አይደለም። ተመለስና ሁለቱን አገር አስማማ። ካልተስማሙ ቦይ የለም» አሉኝ።

በተመለስሁበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጽድ አምባ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጽዶቹ ሥር ሁለቱ አገሮች ተቀመጡ። ግራዝማች ጋቢያቸውን አጣፍተው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ስለ ውሃው ልክ ተናገርሁ፤ ማንም የሰማኝ አይመስልም። ያን ጊዜ ወይዘሮ እንኳዬ ተነሡ።

«ግራዝማች፣ ቦዩ የሚያልፍበትን ቋጥኝ ማን ይፈነቅልልዎታል? መንግሥት ወረቀት እንጂ ክንድ አይሰጥ። የጽድ አምባ ጎበዝ ለብቻው ሦስት በጋ ይፈጅበታል። የእኛ ልጆች ቢጨመሩ በአንድ በጋ ያልቃል።»

ግራዝማች ቋጥኙ ወዳለበት ወገን ዞረው አዩ፤ የወይዘሮ እንኳዬ ነገር እውነት እንደ ሆነ ማወቃቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ «እንግዲያስ ረቡዕና ዓርብ ውሃው ለታች በር ይሁን» አሉ።

«የጾሙን ቀን ለኛ፣ የፍስኩን ሁሉ ለራስዎ?» አሉ ወይዘሮ እንኳዬ።

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ አገሩ ሁሉ። ግራዝማች ሊቆጡ አስበው ነበር፤ አልሆነላቸውም፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሐሙስንም ጨምሩላት» አሉ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሐሙስንም ትውሰድ፤ ከዚች ሴት ማን ይወጣል።»

አዲሱን ፕላን ሳወጣ ቦዩ ጠበበ፤ ከወንዙ ከሚጠለፍበት ላይ ውሃው እንደ ተራው የሚዘጋበትና የሚለቀቅበት በር ጨመርሁ። ካርታው እንደ ፊተኛው አላማረም፤ በየቦታው ተፍቆ ተጽፎበታል። አቶ ደስታ ግን ፈረሙበት። በተከታዩ በጋ ቋጥኙ ተፈነቀለ፤ እኔም ከጎበዞቹ ጋር ዲጂኖ ይዤ እጄ ውሃ ቋጠረ። ውሃው በተራራው ወገብ ዞሮ ጽድ አምባ የደረሰ ዕለት አያ ተገኘ ከፊት ከፊቱ እየሄዱ፣ ከብት እንደሚነዳ ሰው «ና፣ ና» ይሉት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕላን ሠርቻለሁ፤ ከጽድ አምባው አሥር እጥፍ የሚበልጡ። ገሚሶቹ ከመሳቢያ አልወጡም። ገሚሶቹ ወጥተው፣ የእኔ የሚላቸው ባለቤት አጥተው ሣር በቀለባቸው። አምና ከደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ቆመ። ድንች የሚሸጥ ጎልማሳ አገሩን ብጠይቀው ጽድ አምባ ነኝ አለኝ። ቦዩ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ምነው አይኖር? ድንቹን ያበቀለው እሱ አይደል።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ማን ይሠራዋል፤ የላይና የታች አባቶቻችን ተስማምተው ቆፈሩት እንጂ» አለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል በሚል ፊት።

ቀያሽ ነበረ እንዲለኝ ትንሽ ጠበቅሁ። አላለም። «ሸጋ ቆፍረዋል» ብዬው ድንቼን ገዝቼ ወደ መቀመጫዬ ተመለስሁ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። ከኮሶዬ አፋፍ ስንደርስና ገደሉ ከእግራችን ሥር ሲከፈት ግን ቅሬታው ወደ ደስታ ዞሮ አገኘሁት። ሰውየው የተናገረው እውነት ነውና። እኔ መስመር አሰመርሁ፤ የተስማሙትም የቆፈሩትም እነሱ ናቸው፤ ለዚህም ነው ውሃው እስከ ዛሬ የሚፈሰው።