በውሃ የታጠበ አይብ

አሶሳ የገባሁት ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ባሌ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የፕላን ባለሙያ ነበር፤ እኔ ደግሞ የዓመት ሙሽራ። ቢሮ ተብሎ የተሰጣቸው ቤት ቀለሙ አልደረቀም፤ ወንበሩም ለሁሉም አይበቃም። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፣ የዘገየ ቆሞ ይሠራል። ባሌ የሚቀመጥ ሰው ነበር። በጊዜ ይነሳል፣ በጊዜ ይገባል፣ ብቻ ዝምታው! እኔ ቁጡ ነኝ፤ ዝምተኛ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ቆሽቴ ያርራል።

እዚያው አረገዝኩ። ከዚያም አይብ አማረኝ።

ሌላ አገር ቢሆን ይሄ ወሬም አይሆንም። እኔ ከወልቂጤ ማዶ፣ ጎመንና አይብ ከማዕድ ከማይጠፋበት ቤት የወጣሁ ነኝ። አሶሳ ግን ያኔ ማንጎ ሞልቶ ይፈሳል እንጂ ወተት ብርቅ ነው። ዝንቡ ከብት አያስቀምጥም። ገንዲ የሚሉት በሽታ አለ፤ ላሚቱ ዛሬ ደህና ናት ስትባል ከስታ ከስታ ትሞታለች። እኛ ዘንድ ደግሞ እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። በዚህ ባሌን አስፈራራው ነበር። የልጄ ግንባር ላይ ነጭ ነገር ጉብ ቢል ተጠያቂው አንተ ነህ እለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አይቡ ብቻ አልነበረም። ሙቀቱ መሮኛል፣ የማወራው ሰው አጥቻለሁ፣ ሆድ ብሶኛል። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህን ባሌም አይከለክልም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። አብረውት ከተመደቡት የሁለቱ ሚስቶች ለመውለድ ብለው አገራቸው ሄደው በዚያው ቀርተዋል። ልጁ ጠንከር ይበል፣ ክረምቱ ይውጣ እያሉ። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዝውውር መጠየቅ አይችልም። ከሄድኩ እንደማልመለስ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም። አንድ ቀን ብስጭት ሲለኝ ለእናቴ ነይና ውሰጂኝ ብዬ ጽፌ ለመንገደኛ ሰጠሁ። ለባሌም ነገርኩት። "ይሁን" አለ። ይሁን! ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አይብ ፍለጋውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያመጣው በክብ ካርቶን የተደረደረ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሦስት ማዕዘን የሆነ አይብ ነው። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሚገባ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው ያገኘው። ቀመስኩና ሳሙና ነው አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ቁርሱን በዳቦ እየቀባ እሱ ጨረሰው።

ትንሽ ቆይቶ በሳህን ነጭ፣ ፍርፍር ያለ አይብ፣ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ይዞልኝ መጣ። ባምባሲ ከብት ያላቸው ሰፋሪዎች አሉ፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ከነሱ ያመጣልኛል አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እጄን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ ጎረስኩ።

እኔ እኮ አይብ ስሠራ ያደግሁ ነኝ። አሬራው ለስለስ ያለ እሳት ላይ ተጥዶ ሲቋጥር፣ አጓቱ ሲጠል፣ ሽታው ራሱ ያስታውቃል። ያ ጉርሻ ግን ጥርሴ ስር ሲጥ አለ፤ ከኋላውም ጨው ጨው የሚል ነገር መጣ። የላም ቤት ደጅ የረገጠ አይብ አይደለም። ቀና ስል ባሌ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ አፍ አፌን ያየኛል። ምላሴ ላይ የመጣውን ነገር ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት። ጥሩ ነው አልኩ። እኔ! ለማንም ፊት የማላደላው ሴትዮ።

ምስጢሩን የነገሩኝ አከራያችን ናቸው። የአሶሳ ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ናቸው፤ ባላቸው እስከ ድንበሩ እየሄዱ ይነግዳሉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት፤ እኔን ሲጠሩኝ ግን ቢንቲ ነው፣ ልጄ ማለታቸው። ባላቸው በትልቅ ቆርቆሮ፣ በጨው ውሃ የተነከረ የሱዳን አይብ ያመጣሉ። ባሌ ያንን ገዝቶ እሳቸው ማድቤት ደብቆታል። ቆራርሶ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ጠዋት ቢሮ ከመግባቱ በፊት ውሃውን ይለውጣል፣ ለምሳ ሲመጣ ይለውጣል፣ በሦስተኛው ቀን ጨዉ ሲለቅለት በእጁ ይፈረፍረዋል። እኔ በጠዋት የሚወጣው ወንበር ሊሻማ ይመስለኛል፤ ለካ ወንበሩን ካጣ ሰንብቷል። ሰውዬው አይብ ሲያጥብ እያረፈደ፣ ቢሮ ቆሞ ነው የሚሠራው።

"ቢንቲ፣" አሉኝ አከራያችን፣ "ባልህ ጨው ያጥባል። አንተ ዝም ብሎ ብላ።"

ዝም ብዬ በላሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና፣ ሁለት ወር ሙሉ እሱ የባምባሲን አይብ ያቀርባል፣ እኔ የባምባሲን ላሞች እየመረቅሁ እበላለሁ። አንዳንዴ ነገር ነገር ሲለኝ፣ እነዚህ ላሞች ጨው ሳያበዙ አይቀሩም እለዋለሁ፤ ጆሮው ይቀላል። ወደድኩት። አዎ፣ ባሌን የወደድኩት ያኔ ነው፤ ስንጋባ እንኳ እንዲያ አልነበርኩም። ግን አልሄድም ለማለት ኩራት ያዘኝ። ደብዳቤውም ከእጄ ወጥቷል።

እናቴ ከተፍ አለች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላታ፣ ቅቤና ቆጮ ተሸክማ፣ እኔን ልትወስድ። ሦስት ቀን አርፈን እንሄዳለን አለች። በማግስቱ ምሳ ላይ ቆጮው ቀረበ፤ ባሌ ደግሞ ያንን አይብ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት። ማን አቅርብ አለው? አማቱን አከብራለሁ ብሎ ነው፤ ምን ይደረግ።

እናቴ ቀመሰችና ማላመጧን አቆመች። በአገራችን ድግስ ሲኖር አይብ እንድትሠራ የምትጠራ ሴት ናት፤ በዚያ ላይ ምላሷ ሰው አይምርም። ቁጣዬን ከማን የወረስኩት ይመስላችኋል? ባሌ አንገቱን ደፋ። እዚህ ማዕድ ላይ ከተዋረደ፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ተከትያት ከወጣሁ፣ ያ ሰው ዳግመኛ ቀና ብሎ አያየኝም። እኔም አላየውም።

"ይችን አይብ ማን ሠራት?" አለች።

ባሌ ስለ ባምባሲ ሊያወራ አፉን ከፈተ።

"እኔ ነኝ፣" አልኩ ቀድሜው።

እናቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ጨው በዝቶበታል አለችና ደግማ ጎረሰች። ባሌ ውሃ ላምጣ ብሎ ወጣ። ውሃው ፊታችን ነበር። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ስለ ጉዞዬ አላነሳችም። እኔም ዕቃ አላሰናዳሁም። ቀኑ ደርሶ መናኸሪያ ስንሸኛት፣ ባሌ ጓዟን ሲያስጭን እጄን ይዛ ገለል አደረገችኝ።

"እኔ አይብ ሳስተምርሽ ጨው ጨምሪበት ብዬሽ አላውቅም፣" አለች። ይቅርታ ልላት ስል በእጇ አስቆመችኝ። "በሠርግሽ ዕለት የዳርኩሽ መስሎኝ ነበር። ለካ አልዳርኩሽም። ዛሬ ዳርኩሽ።"

ሳመችኝና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን አልቻልኩም። በተከፈተው መስኮት ሳያት፣ እንደመጣች ለኔ ብላ ትኬት የቆረጠችበት ወንበር ላይ ዘንቢሏን አስቀምጣለች። አንዲት ተሳፋሪ ዘንቢሉን አንስታ ልትቀመጥ ስትል፣ እናቴ እጇን ጣል አደረገችበትና "ሰው አለው" አለቻት።