«ቤቶች!» ሳይሉ የማይገቡት አጎቴ

አጎቴ «ቤቶች!» ሳይሉ የማንንም ደጃፍ አይረግጡም ነበር። ሙዚየም ስወስዳቸው እንኳ በሩ ላይ ቆመው ይጣራሉ። አስጎብኚው ይስቃል፤ «አባባ፣ እዚህ እኮ የሚኖር ሰው የለም!»

«አንተ አለህ አይደል? አቤት በል እንጂ!»

አምና ሊጎበኙ ስለሚገባቸው ታሪካዊ ቦታዎች ስጽፍ፣ ከጊዮርጊስ በታች ያለውን ባለ እንጨት ሰገነት አሮጌ ቤት አካተትኩ። የተሠራበትን ዘመን አጣርቻለሁ፤ ፎቶም አንስቻለሁ። ሰው እንደሚኖርበት ግን አልጻፍኩም።

ከአጎቴ ቀብር ማግስት፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ የዚያ ቤት ነዋሪ አጠገቤ ተቀመጠች። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ጎብኚ ሁሉ ደረጃውን እየወጣ መኝታ ቤቷ ድረስ ይገባባት እንደነበር አጫወተችኝ። አጎቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና፣ የመጣውን አስቁመው «ቤቶች በል!» ይሉት ነበር አለች። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላሉም።

«‹ጋሼ፣ ለምን ይደክማሉ?› ስላቸው፣ ‹ይህን ጣጣ ያመጣባችሁ የእኛ ልጅ ነው› አሉኝ። በርጩማቸውን እስካሁን አላነሳነውም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ልጃቸውን ታውቀዋለህ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ቀና ብዬ ግን ላያት አልቻልኩም።